ቢጫ የታሰረበት ሁሉ

ሰኞ፣ የካቲት 4

እንደ ሁልጊዜው ሰኞ። ሱቅ ገባሁ፤ የቅዳሜውን ሽንሽን ጨረስኩ፤ ከካውያ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ካውያ ያልናት የምትተኩስበት ካውያ ከምላሷ ስለሚቀዘቅዝ ነው። «አንቺ እኮ የሰው መስኮት ስትሸፍኚ ልታረጂ ነው» አለችኝ ዛሬ። ምን ብዬ ልመልስ? እውነቷን ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ሞላኝ፤ መጋረጃ ያልሰፋሁለት ሰፈር የለም።

ከሰዓት በኋላ መስኮት ልለካ ተላክሁ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ቤት። ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለቻቸው፤ ሊያከራዩዋት ነው። «ልጄ፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት ተከራይ ያስደነብራል» አሉኝ። መሰላል ላይ ወጣሁ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ታች መንገዱ፣ ማዶ ጫማ ሰፊ፣ ከጎኑ ፀጉር ቤት… ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ተኝታለች። ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁት። አንድ በር። አንድ መስኮት። ጥግ ላይ ቧንቧ። ሰው የለም።

«እህ፣ ስንት ሆነ?» አሉኝ፤ ስፋቱን ማለታቸው ነው።

«እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ።

«መጋረጃውን?»

«ክፍሉን።»

ሳቁ። እኔ መሰላሉን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ማን ነው የተናገረው? እኔ ነኝ እንዴ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ሁለት መጋረጃ ገልብጬ ሰፋሁ። መፍታት፣ እንደገና መስፋት… ካውያ «ምን ሆነሻል?» ትላለች። «ምንም» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ጋሼ ዛሬ እራት ላይ ፊሽካ ነፋ። የስፖርት አስተማሪ ወንድም የሌለው ሰው ይሄ አይገባውም። ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ነፍቶ ሲያበቃ ቆመና «ቡድን» አለ። ቡድኑ እኛ ነን፦ እሱ፣ ሚስቱ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹና እኔ። «አዲሱ ቤታችን አልቋል። ቅዳሜ የካቲት ሃያ ሦስት ዕቃ እንጭናለን።»

ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው ዘለሉ። ሙሽሪት አለቀሰች። (የወንድሜ ሚስት ናት። ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።) እኔም ዘለልኩ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደዘለልኩ የማውቀውም እኔው ብቻ።

እዚህ ቤት ክፍሌ የሳሎኑ ግማሽ ነው። በመጋረጃ የተከፈለ። ራሴ ነኝ የሰፋሁት፤ አሳምሬ፤ እናታችን የሞተች ጊዜ። ልጆቹ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ በአልጋዬ ግርጌ ነው የሚያልፉት። ኳስ ሲገባ ጋሼ መጋረጃዬን ገልጦ ይነግረኛል። ማን እንዳገባ፣ በየትኛው እግሩ እንዳገባ። ሙሽሪት መርፌ ትፈልጋለች፣ ክር ትፈልጋለች፣ ወሬ ትፈልጋለች… ይወዱኛል። ማንም አልበደለኝም። ችግሩ እኮ እሱ ነው። ቢበድሉኝ ኖሮ አንድ ቀን አኩርፌ እወጣ ነበር። ከሚወዱት ቤት እንዴት ተብሎ ይወጣል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ቁልፍ ተቀበልኩ። የራሴ ቁልፍ።

አዋላጇ ሲሰጡኝ «ብቻሽን ነሽ?» አሉ። «ብቻዬን።» «ጎሽ» አሉ። «እኔ ስንቱን ከእናቱ ሆድ አወጣሁ መሰለሽ። ሁሉም ሲወጣ ያለቅሳል። አንቺ ትስቂያለሽ።»

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከፈትኩ። ደግሞ ዘጋሁ። ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በላሁ። «ምን እየበላሽ ነው?» የሚለኝ የለም። ፍርፋሪውን አላነሳሁትም። የራሴ ፍርፋሪ ነው። ከዚያ ዘፈንኩ። ድምፄ አስቀያሚ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፤ ግን እስከዛሬ እንዲህ ጮክ ብሎ ወጥቶ አያውቅም።

ለካውያ ነገርኳት። ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩ መፈንዳቴ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን አውቃለሁ… አልቻልኩም። ካውያውን አቆመችና አየችኝ።

«ወንድምሽስ?»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ወንድም እንደ መጋረጃ ተፈትቶ አይሰፋም።»

ደስታዬን ተኮሰችው። ግን ብዙም አልቆየም፤ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ሳቄ ተመለሰ። አንድ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

እሑድ፣ የካቲት 10

ጋሼ አዲሱን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። እኔን ብቻ። በሩ ላይ ስንደርስ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሚጡ» አለኝ። ለሱ ዛሬም ሚጡ ነኝ። ጨፈንኩ። ክርኔን ይዞ መራኝ። «አሁን ክፈቺ።»

ክፍል። ለኔ። ግድግዳውን ራሱ ነው የቀባው፤ ጣሪያው አጠገብ ብሩሹ እንደሳተው ያስታውቃል። ለስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ አሠርቷል፤ ቁመቱን በድብቅ ለክቶ። አንጀቴን በላው። ደግሞ… ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ኮሪደሩ፣ ሌላው ወደ ልጆቹ ክፍል። «ልጆቹ ሲፈሩ ቶሎ እንድትደርሺላቸው» አለኝ በኩራት። ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አደረገ። «ከዚህ ማዶ እኛ ነን። ብታስነጥሺ እንሰማሻለን።»

ሳቄ መጣ። ደስታ መስሎት እሱም ሳቀ። ከዚያ «እማዬ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ‹እህትህን አደራ፤ ብቻዋን እንዳትሆን› አለችኝ። እግዜር ይመስገን፤ ይኸው» አለ።

አሁን ይሄን ሰው ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሰውስ ምን ይለዋል? አዲስ ቤት ሲሠራ እህቱን አስወጣት ነው የሚሉት። ቁልፉን ብመልስ? አዋላጇ አይቆጡም፤ ተከራይ አያጡም… እጄን ኪሴ ከትቼ ነካሁት። ሞቋል። አልመልስም። ብሞትም አልመልስም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ማሸግ ተጀመረ። ጋሼ በፊሽካ ነው የሚያሽገው። አንዴ ሲነፋ ካርቶን ማንሳት፤ ሁለቴ ሲነፋ ፕላስተር። ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «ስንት ለስንት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሙሽሪት ድስቱን ሁሉ በፎጣ ጠቅልላ ስታበቃ ራት የምትሠራበት ድስት አጣች። ዳቦ በሻይ በላን። እንዲህ ስቀን በልተን አናውቅም።

ብልሃት የመጣልኝም ያኔ ነው። «ካርቶኑ እንዳይቀላቀል ከሱቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላምጣ» አልኩ። «የማዕድ ቤቱን አረንጓዴ፣ የልጆቹን ሰማያዊ፣ የመኝታ ቤቱን ቀይ እንሰርበት። የኔን ቢጫ።» ጋሼ «ይቺ እህቴ እኮ ጄኔራል መሆን ነበረባት» አለ። ቢጫውን አንዲት ደንበኛ አዝዛ «ዓይኔን ወጋኝ» ብላ ጥላብን የሄደችው ነው፤ አንድ ጥቅል ሙሉ ተርፏል።

ጋሼ የተከራየው የጭነት መኪና ሹፌር ቢጫ የታሰረበትን መንገድ ላይ እኔ ክፍል ያወርዳል። የቀረውን አዲሱ ቤት ያደርሳል። እኔ ከዚያ በፊት ለጋሼ ነግሬያለሁ። ሐሳቡ ይሄ ነው። ምን ይጎድለዋል? ለጋሼ መንገሩ ብቻ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሹፌሩን አገኘሁት። የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ እንዲህ ዝምተኛ አይቼ አላውቅም። ወስጄ ቤቱን አሳየሁት። «ቢጫ የታሰረበትን ሁሉ እዚህ ታወርዳለህ።» ራሱን ነቀነቀ። «ለወንድሜ እንዳትነግረው። እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው።» ነቀነቀ። «ቢጠይቅህም፣ ቢቆጣህም…»

«እህቴ» አለኝ በስተመጨረሻ፣ «እኔ ስነዳ ስልክ አላነሳም። ስቆምም የሰው ነገር አላነሳም።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ ብዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ዛሬ ልነግረው ነበር። አልጋ ሲፈታ ተንበርክኬ ብሎን እቀበለዋለሁ። ሁለታችን ብቻ ነን። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

«ጋሼ።»

«ወይ።»

«አንድ ነገር ልነግርህ…»

«ያዣት ያቺን፣ እንዳትወድቅ።»

ያዝኳት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» የአልጋው እግር ተነቅሎ ጉልበቱ ላይ ወረደ። ጮኸ፣ ተራገመ፣ ሳቀ፣ ጉልበቱን አሸ። «ምን ልትዪኝ ነበር?»

«ብሎኖቹን አንድ ላይ በከረጢት እናድርጋቸው ልልህ ነበር።»

«ጎሽ» አለኝ።

ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ? ለሙሽሪት ብነግራትስ? ሙሽሪት ሆዷ ምስጢር አይቋጥርም፤ ጨው ማቀበል ሳትጨርስ ታፈስሰዋለች። አይ። እኔው ነኝ የምናገረው። ነገ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

አልተናገርኩም። ስኒ ገዛሁ።

«ስድስቱ ነው የሚሸጠው» አለ ባለሱቁ። «አንድ ነው የምፈልገው።» «አንድ ስኒ ምን ይሠራል? እንግዳ ቢመጣስ?» «እንግዳ ተራውን ይጠብቃል።» ራሱን ወዘወዘና ጠርዟ ትንሽ የተሸረፈ አንዲት ከጀርባ አውጥቶ ሰጠኝ። ሰማያዊ ናት። በጋዜጣ ጠቅልዬ ልብሴ መሀል ሸሸግኳት። እንደ ሌባ። በገዛ ስኒዬ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የራሴን መጋረጃ ሰፋሁ። ለሰው ስሰፋ እንደዚህ አድርጎኝ አያውቅም። ደንበኛዋም እኔ፣ ሰፊዋም እኔ። «ትንሽ ያጥራል» አልኩ። «ኧረ ልክ ነው» አልኩ። «ሽንሽኑ ይጨመር።» «ጨርቅ አይበቃም፣ እመቤቴ።» ብቻዬን እንዲህ ስለፈልፍ ካውያ ከኋላዬ ቆማለች ለካ። ያበድኩ መስሏት ሄዳ ውሃ ልታመጣልኝ ነበር። ከዚያ መጋረጃውን ከእጄ ወሰደች፤ ተኩሳ፣ አጥፋ መለሰችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ያመማት መሰለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ነገ ነው። አሁንም አልነገርኩትም። ነገ ጧት። ጧት የሰው ልብ ገር ነው።

እሑድ፣ የካቲት 24

ትናንት እጄ አልጽፍ አለኝ። ልሳቅ ላልቅስ… እስቲ ከመጀመሪያው።

ጫኞቹ ሳይመጡ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። «ሱቅ የረሳሁት ነገር አለ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ክፍሌ ሄጄ መጋረጃዬን ሰቀልኩ። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ቀረብ ብዬ አየሁት። ከመንገድ ማዶ ወርጄ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን ቆሜ ሽቅብ አየሁት። ልቤ ጮቤ ረገጠች። ዘገየሁ። ስመለስ መኪናው ተጭኖ፣ ሸራው ተወጥሮ፣ ሞተሩ ተነስቷል። ሹፌሩ አየኝና ቅንድቡን አነሳ፤ የሚጠይቅ ይመስል። እኔ ደግሞ በዓይኔ «በርታ» አልኩት። ሄደ።

እኛ ታክሲ ያዝን። ጋሼ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተጨናንቀን። አሁን ነው፣ ከዚህ በኋላ ጊዜ የለም፣ አልኩና አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«ሚጡ፣ ያንቺ ቀለማት ጉድ አደረጉን» አለ ዞሮ። «ጫኞቹ ቀዩ የት፣ ሰማያዊው የት እያሉ ፈዘዙብኝ። ፈታሁና ሁሉንም በዚያ በቢጫው አሰርኩት። አንድ ቡድን፣ አንድ ማሊያ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ፍሪጁ ሳይቀር።»

ክው አልኩ። ከዚያ ሳቅ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከሆዴ ግርጌ ተነስቶ ያዘኝ። ሙሽሪት «ምን ነካት?» ትላለች። ልጆቹ እኔን አይተው ሳቁ። ባለታክሲውም ሳቀ። ልናገር እልና አየር ያጥረኛል። እንዲህ እየሳቀ ሰው እንዴት ጉዱን ይናገራል?

አዲሱ ቤት ደረስን። መኪናው የለም። ጠበቅን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለሹፌሩ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሲነዳ አያነሳማ። ጋሼ ደጅ ቆሞ ፊሽካውን ያኝካል። ብዙ ቆይቶ ራሱ ሹፌሩ ለጋሼ ደወለ። ድምፁ እኔም ጋ ተሰማኝ።

«አውርጄ ጨርሻለሁ።»

«የት ነው ያወረድከው?»

«የታዘዝኩበት። አንዲት መጥረጊያ ብቻ ናት ምንም ያልታሰረባት። እሷን ወደ እናንተ ላምጣት?»

«የምን መጥረጊያ ነው የምታወራው?» አለ ጋሼ። እንደዚያ ቀልቶ አይቼው አላውቅም።

ሰፈሩን ነገረው። ሁላችንም ተመልሰን ታክሲ ውስጥ። «በዚህ በኩል ግባ፤ ከፋርማሲው አጠገብ ታጠፍ» አልኩ ለባለታክሲው፤ አፌ አመለጠኝ። ጋሼ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። «አንቺ በምን አወቅሽው?» መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ደረስን። ቤታችን መንገድ ላይ እንደ እህል ተሰጥቷል። አዋላጇ ሶፋችን ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ጫማ ሰፊው ከወንበሮቻችን አንዱን ስቦ ደንበኛ አስቀምጦበታል። ፍሪጁ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ቢጫውን እንደ ሻሽ አናቱ ላይ አስሮ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ይመስላል። ፍራሾቹ የውጭ ደረጃውን ሞልተው እስከ ክፍሌ በር ደርሰዋል። ልጆቹ አንዱ ፍራሽ ላይ ሲወጡ ማንም አልከለከላቸውም።

ጋሼ አንዴ ፍሪጁን፣ አንዴ ሶፋውን አየ። ከዚያ ሹፌሩ ላይ ወረደበት። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ሜዳ ላይ ዘረገፍከው? ማን ነው እዚህ አውርድ ያለህ?» ሹፌሩ ሸራውን ያጣጥፋል። «ዛሬውኑ ለአሠሪህ እነግራለሁ። ሁለተኛ መሪ አትጨብጥም።» ሹፌሩ አንድ ጊዜ አየኝ። ዓይኑን ወዲያው መለሰ። ዝም። ቃሉን ጠበቀ፣ ምስኪን።

ሙሽሪት መሀል ገባች። «ተወው በቃ፤ ተሳስቶ ነው። የማይሳሳት ማን አለ?»

መውጫው ተሰጠኝ። «አዎ፣ ተሳስቶ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ዕቃው ተመልሶ ይጫናል፤ እኔም አብሬ እጫናለሁ፤ ሁለት በር ያለው ክፍል ውስጥ እራገፋለሁ። ጋሼም አያዝንም። ሹፌሩ ግን እንጀራውን ያጣል። እኔስ? እኔ ምን አጣለሁ? ቀና ብዬ መስኮቴን አየሁት። መጋረጃዬ ተሰቅሏል። አምሮበታል።

ጋሼን አልፌ፣ ፍራሽ ለፍራሽ ተራምጄ ደረጃውን ወጣሁ። ቁልፉን አወጣሁ። ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ እሱን ተወው። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ና ግባ። ቤቴ ነው።»

ጫማ ሰፊው እንኳ መዶሻውን ያዝ አደረገ። ጋሼ ወጣ። ገባ። ግድግዳውን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ መስኮቱን አየ።

«ማን አስቀየመሽ?»

«ማንም።»

«እሷ ናት?»

«ኧረ በሞትኩት» አለች ሙሽሪት ከደረጃው።

«ማንም አላስቀየመኝም፣ ጋሼ። የራሴ ቤት አማረኝ።»

«እማዬ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። አደራ አለችህ። አደራ የሚጠበቀው ባለቤቱ እስኪመጣ ነው። ጠብቀኸኛል፤ ማንም እንዳንተ አይጠብቅም። አሁን ባለቤቷ መጣች።» እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

ይሄን ከየት አመጣሁት? ሳምንቱን ሙሉ ያጠናሁት ሌላ ነበር። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶ ይሄ ወጣ።

ጋሼ ፊሽካውን በጣቱ አሻሸ። «ሰው ምን ይለኛል?» አለ ቀስ ብሎ።

«እህቱ ቤት አላት ይልሃል።»

ወርዶ ፊሽካውን ነፋ። ጫኞቹ ዕቃውን መመለስ ጀመሩ። ሁሉም ቢጫ ነው፤ የኔን ከምን እንደለየው እንጃ፣ ካርቶኖቼን አንድ በአንድ ራሱ እያነሳ ደረጃው ሥር አስቀመጠ። ግን አላወጣልኝም። ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሹፌሩ መጨረሻ ላይ መጥረጊያዋን ይዞ መሀል መንገድ ቆመ። «እሷስ የማን ናት?» ሙሽሪት ዓይኗን እየጠረገች «ለሷ ስጣት» አለችው።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ስነቃ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ፍራሼ ላይ ከዳር እዳር ተንከባለልኩ። በሸሚዝ ብቻ ሆኜ ሻይ አፈላሁ፣ በሰማያዊዋ ስኒዬ ጠጣሁ፣ ዘፈንኩ። አዋላጇ ከታች «ልጄ፣ ምጥ ነው?» አሉ። በሳቅ ሻይው በአፍንጫዬ ወጣ።

ጋሼ ስልክ አያነሳም። እሱ ደግሞ ምን ይነዳል?

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ሙሽሪት ሱቅ መጣች። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ቆነጠጠችኝ፣ ደግሞ ሳመችኝ። «‹አስቀየምሻት ወይ?› ብሎ እስኪጠይቀኝ አደረስሽኝ» አለች። ጋሼ ፊሽካውን ማድረግ ትቷል አሉ። ማታ ማታ ለኔ የቀባትን ክፍል ከፍቶ ቆሞ ይዘጋታል። ስለኔ ምንም አይናገርም።

እንዲህ አስቤው አልነበረም። ደስተኛ ነኝ፤ አዎ፣ ነኝ፤ ቁልፌን ባዞርኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ግን ጋሼ ካላየው ደስታዬ ግማሹ ደጅ ነው የሚያድረው። ካውያ «ይመጣል» አለችኝ። «ካልመጣስ?» «ካልመጣ እኔ ሄጄ እተኩሰዋለሁ።»

እሑድ፣ መጋቢት 8

ከሰዓት በኋላ። ወለል እየወለወልኩ ነበር፤ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጥሬ። ደጅ የሰው ድምፅ።

«ቤቶች።»

ለየሁት። ጋሼ። ኳስ በገባ ቁጥር ሳይጠራ መጋረጃዬን ሲገልጥ የኖረ ሰው፣ ደረጃዬ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ። እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ይንጠባጠባል።

«አለን፤ ይግቡ» አልኩ።

ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ወለሉን አይቶ። የሙዝ ከረጢት ሰጠኝ። ሌላም ከረጢት ይዟል፤ ከባድ። ፈታው። መሰርሰሪያ፣ ብሎን፣ አንድ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ።

«የበርሽ ቁልፍ የማይረባ ነው» አለ፤ ዓይኔን ሳያይ። «ያን ቀን አይቼዋለሁ።»

ያን ቀን? እንደዚያ በግኖ ቁልፉን አየው? ተንበርክኮ መሥራት ጀመረ። ብሎን አቀበልኩት። ሻይ አፈላሁ፤ አንድ ስኒ ስለሆነች መጀመሪያ እሱ ጠጣ፣ ከዚያ እኔ። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» «ደህና ናቸው። ክፍልሽ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ።» «ይጫወቱ።»

«ጎረቤቶቹ ‹እህትህስ?› አሉኝ» አለ፤ ብሎኑን እያጠበቀ።

«ምን አልካቸው?»

«ቤት አላት አልኳቸው።»

ፊቴን ወደ ቧንቧው አዙሬ ስኒዋን አጠብኩ። ንጹሕ ስኒ ደግሜ አጠብኩ።

ሲጨርስ አቧራውን እፍ አለና ወደ ደረጃው ወጣ። «ዝጊው።» ዘጋሁ። መቀርቀሪያውን ወረወርኩት። ከውጭ በእጁ ገፋ። በትከሻው ገፋ። ወደ ኋላ ሄዶ ተንደርድሮ መሰለኝ፣ ጓ አደረገው። በሩ ንቅንቅ አላለም።

«ያዘ?» አልኩ።

«ያዘ» አለ፤ እያለከለከ፣ ደስ ብሎት። «አሁን ማንም አይገባብሽም። እኔም ብሆን።»

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ሚጡ፣ ክፈቺልኝ እንግዲህ። ጫማዬ እዚያ ውስጥ ቀርቷል።»

ትንሽ አቆየሁት።